ሐስና ከሦስት አሮጌ ኮምፒውተር የሠራችው ማኅደር

ሠርግ ላይ በሴቶቹ በኩል ካሜራ የምይዘው እኔ ነኝ። ስሜ ሂቦ ነው። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሌሎችም አሉ፤ እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቼበታለሁ። እናቲቱም ልጂቱም በእኔ ካሜራ ፊት የተዳሩባቸው ቤቶች አሉ።

በሴቶቹ አዳራሽ ወንድ አይገባም። በሩ ላይ ሁለት አክስቶች ወንበር ስበው ይቀመጡና የገባችውን ሁሉ ስልክ እየተቀበሉ ዘንቢል ውስጥ ይከታሉ። ከዚያ ወዲያ ሻሽ ይወልቃል፣ ፀጉር ይለቀቃል፣ ባል እንኳ አይቶት የማያውቀው ጭፈራ ይጨፈራል። እዚያ ውስጥ ያለችው ካሜራ የእኔዋ ብቻ ናት። ሰው እኔን የሚጠራኝ ምስሉ ስለሚያምር ብቻ አይደለም፤ ከእጄ ወጥቶ የትም እንደማይሄድ ስለሚያውቅ ነው።

ያን ሁሉ አደራ የማስቀምጠው ግን አልጋዬ ሥር፣ በባዶ የሐላዋ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። መዳፍ የሚያካክሉ አሥራ ሦስት ዲስኮች፣ እያንዳንዳቸው በሻሽ ቁራጭ ተጠቅልለው። የሙቀቱ ወራት ሲገባ ክፍሌ ውስጥ ሻማ ሳይበራ ብቻውን ይጎብጣል። ዲስኮቹም እዚያው ነበሩ።

መስከረም ላይ እማማ ኢብላ መጡ። ከእኛ ሁለት ግቢ አልፎ ነው የሚኖሩት። የመጨረሻ ልጃቸውን ሠርግ ከስድስት ዓመት በፊት ቀርጬ ነበር፤ ያኔ የሰጠኋቸውን ሲዲ የልጅ ልጆቻቸው ሲጫወቱበት ፍቀው ጨርሰውታል።

«ልጄ፣ ሠርጉን እንኳ ተዪው» አሉኝ። «ሮዳን ልያት ብዬ ነው።»

ሮዳ ታናሽ እህታቸው ናት፤ በረመዳን ሞታለች። በዚያ ሠርግ ላይ ከበሮ እየተመታላት ለሙሽሪት ቡራንቡር አውርዳ ነበር። ሙሽሪትን ከነዘር ማንዘሯ የሚያነሳሳ የሴቶች ግጥም ነው፤ አንዷ ታወርዳለች፣ ሌላው እየተነሳ ይጨፍርበታል። በሰፈራችን እንደ ሮዳ የሚያወርድ አልነበረም።

«ነገ ጠዋት ይምጡ፤ አወጣልዎታለሁ» አልኳቸው።

ከሄዱ በኋላ ዲስኩን ሰካሁት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ዝም አለና እንደገና ጠቅ፣ ጠቅ። ስክሪኑ ላይ ምንም አልመጣም። ነቀልኩና ሰካሁ፤ ገመድ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ጠጋኝ ዘንድ መውሰድ አልችልም። የማውቃቸው ጠጋኞች ሁሉ ወንዶች ናቸው፤ ዲስኩ ላይ ደግሞ የሠላሳ ምናምን ቤት ሴቶች አሉ። ከክፍሌ ደጃፍ ቆሜ ተጣራሁ።

«እትዬ፣ እስኪ አንዴ ነይ።»

እህቴ ሐስና በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ግቢያችን አንድ ነው፤ የእሷና የባሏ የዱዋሌ ቤት ከፊት፣ የእኔ ከኋላ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ማሽኖች ክፍል ውስጥ ሠርታ ጡረታ የወጣችው በዚያው ዓመት ነበር። ከእሷ በፊት እዚያ ክፍል ሴት ሠርታ አታውቅም። ከወጣች በኋላ ግን ወንዶቹ እየደወሉ «ሐስና፣ ያንን ነገር በምን ነበር የምታስሪው?» ይሏት ነበር። ስትናገርም ስትሠራም አትቸኩልም፤ የያዘችውን ሳትጨርስ ደግሞ አትለቅም።

መጣችና ዲስኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አዳመጠች።

«ይኼ ሞቷል። ውስጡ እየተፋቀ ነው፤ ባትነኪው ይሻላል።»

«ሌሎቹስ?»

ቆርቆሮውን ከፍታ አየች። «ሌሎቹ ተራ እየጠበቁ ነው። ስንት ኮፒ አለሽ?»

«የምን ኮፒ?»

ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ ስታየኝ የሰባት ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

«ሂቦ፣ የዚህን ሁሉ ሰው ሚስትና ልጅ ይዘሽ፣ በአንድ ኮፒ፣ በሐላዋ ቆርቆሮ?»

«በሻሽ ጠቅልዬዋለሁ እኮ።»

«እሱማ እንዳይበርደው ነው» አለችና ተነሳች።

በማግስቱ እማማ ኢብላን አላስጠበቅኳቸውም፤ ራሴ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ረስቼ «ጠፍቶብኛል» ብቻ አልኩ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«እሺ ልጄ» አሉ። «እሷ ራሷ ያልቆየች፣ ቪዲዮው እንዴት ይቆያል?»

ከዚያ ሻይ ቀዱልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሻዩን እንዴት ጨርሼ እንደወጣሁ አላስታውስም።

ስመለስ ሐስና መነጽሯን አድርጋ ወረቀት ላይ ስትጽፍ አገኘኋት። ሰርቨር እንሠራለን አለችኝ። ፋይሉ ሁሉ በአንድ ቦታ፣ በእጥፍ የሚቀመጥበት ማሽን፤ እኔ ከክፍሌ ሆኜ በገመድ የማገኘው። «ነገር ግን» አለች፣ «በየሳምንቱ የሚያስነሳኝ ማሽን አልፈልግም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተነስቻለሁ። እዚያ መኖሩን የምንረሳው ዓይነት ነው የምሠራው።»

ወደ ጌዲ ሄድን። ጌዲ ከገበያው ጀርባ አሮጌ ኮምፒውተር የሚሸጥና የሚጠግን ሰው ነው፤ ከሐስና ጋር ሲነታረኩ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ጫት የሚደርሰው ከሰባት ሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ፊቱ አይፈታም። ከሱቁ ጥግ ከአንድ ቢሮ ተሰብስበው የመጡ ጥቋቁር ኮምፒውተሮች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል።

«ከነዚያ ውስጥ ሦስት አንድ ዓይነት ስጠኝ» አለችው።

«ሐስና፣ እነዚህ እኮ ጡረታ የወጡ ናቸው።»

«እኔም ወጥቻለሁ። ሥራ አልረሳሁም።»

«አዲስ አለልሽ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ የሚያምር፣ ሰማያዊ መብራት ያለው።»

«መብራቱ ምን ይሠራል?»

«ያበራላ።»

«እቃ ቤቴ ውስጥ አምፖል አለኝ። እሱ ሲበላሽ መለዋወጫውን ከየት ታመጣለህ?»

«አዝዤ።»

«በስንት ጊዜ?»

ጌዲ ጆሮውን አከከ። «በሁለት ወር።»

«እነዚህ ሦስቱ ግን አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱ እግር ቢያጣ ከሌላው አውጥቼ እሰጠዋለሁ፤ በዚያው ቀን።»

«እሺ፣ እሱን ሁሉ ተዪውና ለምን ኢንተርኔት ላይ አትጭኑትም? የሰው ፎቶ ሁሉ ያለው እዚያ አይደለም?»

ሐስና ወደ እኔ ዞረች፤ የምመልሰው እኔ እንደሆንኩ ገባኝ።

«ጌዲ፣ ያንተን ሚስት በወንድምህ በኡስማን ሠርግ ላይ ቀርጫታለሁ» አልኩት። «ኢንተርኔት ላይ ልጫናት?»

ጌዲ መሰላሉን አምጥቶ ኮምፒውተሮቹን ማውረድ ጀመረ።

ዲስኮቹን ግን አሮጌ አልገዛችም። «ሣጥኑ ቢያረጅ ግድ የለም፤ ዲስኩ አዲስ ይሆናል» ብላ አንዱን ከአንድ ሱቅ፣ ሌላውን ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ገዛች። ለምን አንድ ቦታ አንጨርስም ስላት፣ ከአንድ ካርቶን የወጡ ዲስኮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ በዓይኔ አይቻለሁ አለችኝ።

ሥራው አንድ ወር ያህል ፈጀ። ሐስና ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ አውጥታ ሦስቱንም ፈታቻቸው። የቢሮውን አቧራ በቀለም ብሩሽ ጠረገች። ማቀዝቀዣው ሥር ደርቆ የተሰነጣጠቀውን ቅባት ፍቃ አዲስ ቀባች። የደከሙትን ማራገቢያዎች አውጥታ በአዲስ ተካች። አዝራር የምታክለውን ባትሪ ሦስቱም ላይ ቀየረች። ለሥራው የማያስፈልገውን ሁሉ ነቀለችው፤ ሲዲ ማጫወቻውን፣ የስክሪን ካርዱን፣ ድምፅ ማጉያውን። ከድምፁ ያስቀረችው የምትጮኸዋን ትንሿን ፍሬ ብቻ ነው።

«ይህን ሁሉ ካወጣሽ ምን ቀረው?» አልኳት።

«የሚሠራው ቀረ። እዚህ ውስጥ የሌለ ነገር ሊበላሽብኝ አይችልም።»

ከዚያ ሜሞሪውን ሁለት ቀን ሙሉ ፈተነችው። ከሦስቱ ማሽኖች ስድስት የሜሞሪ ካርዶች አንዱ በሁለተኛው ቀን ተሳሳተ። በሁለት ቀን አንዴ ብቻ ነው የተሳሳተው አልኳት። ለሁለት ሰብራ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው፤ እኔ እንኳ እንዳላነሳው።

ማሽኑን ያስቀመጠችው እቃ ቤቱ ውስጥ ነው። ግድግዳውን የጎረቤት ግንብ ስለሚጋርደው ፀሐይ አያየውም፤ የሩዝና የዱቄት ጆንያ የሚቀመጠውም ለዚያ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ውሃ እንዳይነካው ብሎኬት ላይ ሰቀለችው። የከምሲን ነፋስ የሚያመጣው አሸዋ እንዳይገባ አየር በሚስብበት በኩል የእኔን ያረጀ ስቶኪንግ ወጠረችበት። «ይኼን በሦስት ወር አንዴ ታጥቢያለሽ። ያንቺ ሥራ እሱ ብቻ ነው» አለችኝ።

ዱዋሌ የክሬን ሠራተኛ ነበረ፤ ደግ ሰው ነው፣ ዝም ማለት ግን አይችልም። ከሰዓት ለጫት የሚመጡ ጓደኞቹን ይዞ እቃ ቤቱን ያስጎበኝ ጀመር። «ሚስቴ ሩዝ የሚጠብቅ ኮምፒውተር ቀጥራለች። ስቶኪንግ ለብሷል፤ ትዳር ሊይዝ ነው መሰለኝ።»

የሐስና መልስ የመጣው መብራት የመቋረጥ ፈተና ላይ ነው። ኃይል ሲጠፋ ማሽኑ አጠገቡ ባለ ትልቅ የመጠባበቂያ ባትሪ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ፣ ኃይሉ ሲመለስ ደግሞ ማንም ሳይነካው እንዲነሳ አድርጋዋለች። ይህን ለማረጋገጥ ቆጣሪውን ሃያ ጊዜ ማጥፋትና ማብራት ነበረባት። አሥራ አንደኛው ላይ ዱዋሌ ኳስ እያየ ነበር።

«ሐስና፣ ፔናልቲ ነው እኮ» አለ ከሳሎን።

«አሥራ ሁለተኛው ነው» አለች እሷ ከቆጣሪው ሥር፣ አጠፋችውም።

ሃያውንም ጊዜ ራሱ ተነሳ። የኳሱን ውጤት ዱዋሌ በማግስቱ ከጓደኞቹ ነው የሰማው።

ሁለተኛውን ኮምፒውተር ያለንን ሁሉ ቆልፈን ጭነንበት አርታ ወሰድነው፤ ተራራው ላይ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ካለበት፣ የዱዋሌ እህት ቤት። የእኛው ማሽን በየሳምንቱ አዲስ የገባውን ሁሉ በስልክ መስመር ወደዚያ ይልካል፤ የሚልከው ተቆልፎ ነው፤ የዱዋሌ እህት ብትከፍተው ትርጉም የሌለው ቁጥር ብቻ ነው የምታየው። መስመሩ ቀርፋፋ ነው ብዬ ስነጫነጭ ሐስና «ሳምንቱ ሙሉ የእሱ አይደል? የት ሊሄድ ይቸኩላል?» አለችኝ። የይለፍ ቃሉን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን፤ በወረቀት ተጽፎ በሰም የታሸገው ደግሞ ከወርቅ ጌጤ ጋር ተቀምጧል። ሦስተኛው ኮምፒውተር ከአንድ ትርፍ አዲስ ዲስክ ጋር ለመለዋወጫ መደርደሪያ ላይ ወጣ።

ከአሥራ ሁለቱ ዲስኮች አሥራ አንዱ ያላቸውን ሁሉ ሰጡን። አንዱ እየተገለበጠ ሳለ መንገድ ላይ ሞተ፤ ከግማሹ በላይ ግን አትርፈናል። እኔ አለቀ ብዬ ሳርፍ ሐስና አዲስ ሥራ አመጣችብኝ። እያንዳንዱን ሠርግ በቀኑ፣ በሙሽሪት ስም፣ በእናቷ ስም፣ ማን እንዳወረደ፣ ማን ከበሮ እንደመታ እየጻፍኩ እንድሰይም።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ አምስት መቶ ሠርግ ነው።»

«ፊታቸውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ የማውቀው ማሽኑን ነው።»

ቀዝቃዛዎቹን ወራት እየረገምኳት ሰየምኩ። በየካቲት አንድ ቀን ረፋድ የኢፍራህን ሠርግ ከፈትኩ። እዚያ እንደነበረች ፈጽሞ ረስቼው ነበር፤ ሮዳ ስስ ቢጫ ዲራዕ ቀሚስ ለብሳ፣ መሐል ላይ ቆማ ጉሮሮዋን ስትጠርግ አየኋት። ከበሮው ተመታ፣ ማውረድ ጀመረች። አሥራ ሰባት ደቂቃ።

ሮጬ እማማ ኢብላን ልጠራ ስነሳ መሐል ላይ ቆምኩ። ሠርጉ የኢፍራህ ነው፤ እኔ የማሳየው አይደለም። ለሐስና ስነግራት «ሄደሽ ጠይቂያታ» አለች፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ኢፍራህ አምቡሊ ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ከዚያ ባሏ ከተፋታች ሦስት ዓመቷ ነው። በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ።

«የዚያን ቀን ነገር ይዘሽ ከሆነ የመጣሽው፣ አጥፊው ልልሽ ነበር።»

ስለ ሮዳ ነገርኳት። ስለ እማማ ኢብላም፣ ስለጠፋብኝ ዲስክም ነገርኳት።

«ሮዳን ይዩ» አለች። «እኔን ግን እንዳያዩኝ። በዚያ ቀሚስ ማንም አያየኝም።»

«አንቺ አትኖሪበትም። ሌላውንስ ላጥፋው?»

«ቁልፉ ከማን ጋር ነው?»

«ከእኔና ከእህቴ።»

«እንግዲያው ይቀመጥ። አንድ ቀን ልስቅበት እችል ይሆናል።»

ኢፍራህ የምትታይበትን ሁሉ ቆርጬ ሮዳን ብቻ አስቀረሁ። እማማ ኢብላ ክፍሌ መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሮዳ ማውረድ ስትጀምር ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሦስት አራት ደቂቃ እንዳየን ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሱ መስሎኝ ውሃ ላመጣ ስነሳ እየሳቁ ነው።

«ይቺ ቀጣፊ» አሉ። «ይቺ ቀጣፊ እህቴ። ለልጄም ያወረደችው ይችኑ ነው እኮ። ቃል በቃል። ስሙን ብቻ ነው የቀየረችው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ግመሉ ራሱ፣ ጉድጓዱ ራሱ፣ አያትየው ራሱ። እኔ ደግሞ ለኛ ብላ ስድስት ወር የለፋችበት መስሎኝ የወርቅ ጥርስ ላሠራላት ነበር።»

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት። ሲጨርሱ «ከመጀመሪያው መልሺልኝ» አሉ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ስናየው የኢፍራህ ስም በተጠራ ቁጥር እሳቸው የልጃቸውን ስም በላዩ ላይ ይሉ ነበር፤ ልክ ይገጥም ነበር። ያን ቀን ለምሳ ካልመጣሽ ብለው አስገድደው ወስደው ዓሣ አበሉኝ።

ሰኔ ላይ ሐስናና ዱዋሌ ሙቀቱን ሸሽተው ድሬዳዋ ሊወጡ ሆነ፤ ዱዋሌ አስም አለበት፣ በየዓመቱ ሦስት ወር እዚያ ነው የሚከርመው። እኔ ሥራ ስላለኝ እቀራለሁ። ከመሄዷ በፊት ሐስና ጠራችኝ።

«አንድ ቪዲዮ ክፈቺና እያየሽ ጠብቂኝ።»

ከፈትኩ። ወደ እቃ ቤት ገባች፤ ትንሽ ቆይታ አንዱን ዲስክ በእጇ ይዛ ወጣች። ቪዲዮው አልቆመም።

«ይኼ ከማሽኑ የነቀልሽው ነው?» አልኳት።

«አዎ። ያየሽው ይኼንን ነው፤ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይሠራል። አሁን መልሺው። አንቺ።»

በካቻቪቴ ብሎኑን እያስፈታችና እያሳሰረች አሠራችኝ። ለዲስኮቹ ቀይና አረንጓዴ ፕላስተር ለጥፋባቸዋለች። ማሽኑ ላይ አንድ ወረቀት በእጅ ጽፋ ሰቀለች። አንዴ እየደጋገመ ከጮኸ ቀዩ ነው የሞተው፤ ሁለቴ ሁለቴ ከጮኸ አረንጓዴው። ሦስት ዙር ቁጠሪ። አጥፊው። የሞተውን አውጪ፣ ከመደርደሪያው ላይ ያለውን አዲስ አስገቢ፣ አብሪው፣ ሂጂ።

«ሂጂ ማለት?»

«ቆመሽ አትይው። የቀረውን እሱ ይሠራል።»

ሐምሌ በሰላም አለፈ። መብራት ስንት ጊዜ እንደሄደ አልቆጠርኩም፤ አንዴ ለዘጠኝ ሰዓት ሄዶ ነበር። ሲመጣ ከክፍሌ ሆኜ ፋይሎቹን ፈለግኳቸው፤ ሁሉም እዚያው ናቸው። መርሳት ጀመርኩ፤ እህቴም የፈለገችው ይህንኑ ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ረፋድ፣ ሩዝ ልቀዳ እቃ ቤት ስገባ ማሽኑ ይጮሃል። ጎረቤት ጄኔሬተር አስነስቶ ግድግዳው ሁሉ ይንጓጓል። ጡ ሲል ሰማሁ፤ ሌላ የሰማሁ አልመሰለኝም። ቀዩ ነው አልኩ። አጠፋሁት፣ ቀዩን አወጣሁ፣ አዲሱን አስገባሁ፣ አበራሁት። ክፍሌ ሄጄ ፋይሎቹን ከፈትኩ። ባዶ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት፣ ባዶ።

ድሬዳዋ ደወልኩ። ሐስና የሆነ ነገር እያኘከች አነሳች።

«እትዬ፣ ሁሉም ጠፋ።»

«ወረቀቱን አንብቢልኝ።»

«እትዬ፣ ጠፋ እኮ ነው የምልሽ።»

«ሰማሁ። አንብቢልኝ።»

ማንበብ ጀመርኩ። ሦስት ዙር ቁጠሪ የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ቀዘቀዘ።

«ስንት ዙር ቆጠርሽ?»

«አንድ።»

«ደህናውን ነው ያወጣሽው። ታማሚው ብቻውን መነሳት አቅቶት ነው። የት አለ አሁን ቀዩ?»

«ጭኔ ላይ።»

«አልጣልሽውም?»

«አልጣልኩትም።»

«እንግዲያው ምንም አልሆነም። ብትጥይውም አርታ ያለው ምን የሚሠራ ይመስልሻል? አጥፊው፣ ቀዩን ቦታው መልሺ፣ አረንጓዴውን አውጪና አዲሱን በሱ ቦታ አድርጊ። አብሪና ሂጂ።»

«ስልኩን ሳትዘጊ ትቆዪኛለሽ?»

«ምግብ እየበላሁ ነው» ብላ ዘጋችው።

እንዳለችው አደረግኩ። ስከፍተው ሁሉም ነበሩ፤ ቀኑ፣ ስሙ፣ እናትየዋ፣ ማን እንዳወረደ። ማሽኑ ለአዲሱ ዲስክ ያለውን ሁሉ እየገለበጠ ስለነበር ጩኸቱ አልቆመም። ሂጂ ተብያለሁና ሄድኩ፤ ያን ቀን ከሰዓት ባልባላ ሰፈር የሙሽሪት ሂና የምቀርጽበት ቀጠሮ ነበረኝ። በማግስቱ ጠዋት እቃ ቤቱ ጸጥ ብሏል። የሞተውን አረንጓዴ ዲስክ በመዶሻ ሰበርኩት፤ ይህም ወረቀቱ ጀርባ ላይ ተጽፎ ነበር።

ሐስና በመስከረም መጨረሻ በባቡር ተመለሰች። ወረቀቱ ላይ «ሦስት ዙር» ከሚለው ሥር አንዲት መስመር አሰመረችበት፤ ቀጥላም ጌዲ ለመደርደሪያው ሌላ አዲስ ዲስክ እንዲያመጣላት ላከችበት። ጌዲ ራሱ ይዞት መጣና ቆይቶ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ፣ ለሱቁ መዝገብ እንዲህ ያለ ነገር ብትሠሪልኝ አላት። ሰማያዊ መብራት ያለው አለህ አይደል ወይ አለችው። ሠርታለታለች፤ ሦስት ቀን ሙሉ እያሾፈችበት።

ነገሩ በሴቶቹ ዘንድ ተሰማ። አሁን አንዳንድ እናት ቀን ከመቁረጧ በፊት ቪዲዮው የት እንደሚቀመጥ ልይ ትላለች። ባለፈው ሳምንት አንዲት ባለ ትልቅ ቤት እመቤት መጣች፤ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ገባ። እቃ ቤቱን ከፈትኩላት። ብሎኬቱን፣ ጥቁሩን ሣጥን፣ ስቶኪንጉን አየች።

«ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው።»

«ከሩዙ ጎን?»

«ግድግዳው ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው።»

ጎንበስ ብላ እጇን ሣጥኑ ላይ አሳረፈች። ቀና ብላ ሻሿን አስተካከለች።

«ሐሙስ ነው ሠርጉ» አለች። «በጊዜ ነይ፤ የልጄ አክስቶች ቀድመው መጨፈር ይወዳሉ።»